ከኦሎምፒያ የመጣው ደብዳቤ፦ ሪፖርት ነው ወይስ የምርጫ ቅስቀሳ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኦሎምፒያ ከተማ የሚቀመጠው የዋሽንግተን ስቴት ምክር ቤት የ2025 ጉባኤውን ኤፕሪል 27 ቀን ጨርሷል። 105 ቀን ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ የዲስትሪክታችን ተወካይ በዓመቱ ስለሠሩት ሥራ ደብዳቤ በኢሜይል ልከዋል። ላልደረሳችሁ ጭብጡ ይህ ነው፦ ለቤት ኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ተበጅቷል። የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ሠራተኞች ከ2026 ጀምሮ የሥራ አጥነት ክፍያ ያገኛሉ። የሕፃናት እንክብካቤ ከቅነሳ ተጠብቋል። ለመንገድና ለድልድይ ትልቅ ኢንቨስትመንት ተደርጓል። ሌላው ፎቶ ነው።

እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚያዘጋጁት የምክር ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ደመወዛቸው ከኛ ግብር ነው። ጥያቄዬም ከዚህ ይነሳል። ይህ ለሕዝብ የቀረበ ሪፖርት ነው ወይስ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ቅስቀሳ? ይቀጥል ወይስ ይቁም? ተወካዩን በስም አንጠራም፤ ክርክሩ በአሠራሩ ላይ ነው። የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሹፌሩ፦ ቅስቀሳ ነው። አንዷን መስመር ብቻ ላንሳ። «ለመንገድና ለድልድይ ትልቅ ኢንቨስትመንት» ይላል። ጥሩ። ገንዘቡ ከየት መጣ? እሱን አይልም። የስቴቱ የቤንዚን ታክስ በጋሎን 49.4 ሳንቲም ነበር። ከጁላይ 1 ጀምሮ 55.4 ሆነ። ስድስት ሳንቲም ጨመረ ማለት ነው። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ 2 በመቶ እያደገ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በደብዳቤው ውስጥ የለም።

እኔ የምነዳው በአፕ ነው፤ በስልክ የሚጠሩኝን ተሳፋሪዎች አመላልሳለሁ። በአንድ ጊዜ 10 ጋሎን ብሞላ 60 ሳንቲም ነው። በሳምንት አምስት ቀን ብሞላ ሦስት ዶላር። በዓመት ወደ 150 ዶላር ይጠጋል። ቤተሰብ የሚበትን ገንዘብ አይደለም። ታክሱንም አልጠላሁትም። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የፈነዳበት ሰው መንገድ ይሠራ ሲባል አይቃወምም። ግን የድምፁን ውጤት የምከፍለው እኔ ነኝ። ከፋዩ ደግሞ መስማት ያለበት ከማደያው ሳይሆን ድምፅ ከሰጠው ሰው ነው።

ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ የቤንዚኑን ነገር ልክ ነህ፤ መጻፍ ነበረበት። ግን «ቅስቀሳ ነው፣ ይቁም» ከተባለ በኋላ ምን ይተካዋል? እስቲ አስቡት። 49 ዲስትሪክት አለ። ከእያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሁለት ተወካዮች ይመረጣሉ። ሁሉም 147 ናቸው። አብዛኞቻችን የራሳችንን ሦስት ሰዎች ስም አናውቅም። የፕሬዚዳንቱን ንግግር ሌሊት ቁጭ ብለን እንሰማለን፤ ስለ ኪራያችን የሚወስነውን ሰው ግን መንገድ ላይ ብናገኘው አናውቀውም። የሰፈር ጋዜጣ እየሞተ ነው። እኔ ስለ ኪራይ ጣሪያው ለእናቴ ያነበብኩላት ከዚሁ ደብዳቤ ነው።

ደግሞ ልጓም የለውም ማለት ልክ አይደለም። የስቴቱ የሥነ ምግባር ሕግ የመንግሥትን ሀብት ለምርጫ ዘመቻ መጠቀም ይከለክላል። አንድ አባል በሚወዳደርበት የምርጫ ዓመት በሕዝብ ገንዘብ የሚልከው የጅምላ ደብዳቤ ይገደባል። ጉባኤው ሲጀመርና ካበቃ በኋላ ከሚፈቀዱት ውጪ መላክ አይችልም። የታችኛው ምክር ቤት አባላት በየሁለት ዓመቱ ነው የሚወዳደሩት። ስለዚህ ገደቡ ለነሱ አንድ ዓመት እየዘለለ ይመጣል።

ሹፌሩ፦ ልጓሙ የሚይዘው ጊዜውን ነው። ይዘቱን ማን ይይዘዋል?

ጋሼ አከራይ፦ እኔ የምናገረው ስለ ኪራዩ ነው። ሬንተን ውስጥ አንድ ዱፕሌክስ፣ ሁለት መኖሪያ ያለው ቤት፣ አለኝ። በታች እኛ እንኖራለን። በላይ ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ተከራይተዋል። የዚህ ቤት ዕዳ የተከፈለው በሌሊት ሥራ ነው። አየር ማረፊያ ጋሪ እየገፋሁ ነው የከፈልኩት። አሁን ደብዳቤው ተከራይን «ከማን አለብኝ አከራዮች» እንዳዳነ ይነግረኛል። የቤት ኢንሹራንሴ ሲጨምር ማን አዳነኝ? ጣሪያው ሲያፈስ ማን አዳነኝ?

ደግሞ በዚሁ ጉባኤ የንብረት ግብር ዓመታዊ ጭማሪ ከ1 በመቶ ወደ 3 በመቶ ከፍ እንዲል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሰው ሲቃወም ተውት። ተወካያችን በዚያ ላይ ምን አቋም ነበራቸው? ደብዳቤው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ያለፈውን ሕግ ብቻ ሳይሆን ሞክረው የተዉትንም ማወቅ እፈልጋለሁ። የሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሚመጣው እሱ ነውና።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ተከራዮቹ ከመግባታቸው በፊትም እዚያው ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት?

ጋሼ አከራይ፦ እንዴታ። ከገዛነው ቀን ጀምሮ።

ተማሪዋ፦ እንግዲያውስ የኪራዩ ጣሪያ እርስዎን አይመለከትም። ሕጉ ቁጥር 1217 ነው። አገረ ገዥ ቦብ ፈርጉሰን ሜይ 7 ቀን 2025 ፈረሙት፤ ያኔውኑ ሥራ ላይ ዋለ። የሚፈቀደው ከፍተኛ ጭማሪ 7 በመቶ ሲደመር የዋጋ ንረት፣ ወይም 10 በመቶ ነው፤ ከሁለቱ ዝቅተኛው ይያዛል። ተከራዩ በገባ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ጭማሪ የለም። ሲጨመርም የ90 ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ይህ ጣሪያ የወጣው ለ15 ዓመት ነው። ግን ከጣሪያው ነፃ የሆኑ ቤቶች አሉ። ከነሱ አንዱ ዱፕሌክስ፣ ትሪፕሌክስ ወይም ፎርፕሌክስ (ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት መኖሪያ ያለው ቤት) ሆኖ ተከራዩ ሲገባ ባለቤቱ በአንደኛው ክፍል የሚኖርበት፣ አሁንም እየኖረበት ያለ ቤት ነው። የርስዎ ቤት ማለት ነው። ብቻ ኪራይ ሲጨምሩ በማስታወቂያው ላይ ነፃ የሆኑበትን ምክንያት መግለጽ አለብዎት። የ90 ቀኑንም ይጠብቁ።

ጋሼ አከራይ፦ ልጄ፣ ተባረኪ። ግን እይው እንግዲህ። ይህን ከአንቺ ነው የሰማሁት። ደብዳቤው ባለቤቱ የሚኖርበትን ትንሽ ቤት የሚመለከት አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር? ከሜይ ወዲህ በንዴት ነው የሰነበትኩት። ቤቱን ልሽጠው ሁሉ ከባለቤቴ ጋር ተማክረናል። ሕግ የነካው ሰው ብቻ ሳይሆን ያልነካውም ሰው እንዳልነካው ሊነገረው ይገባል።

የኪራዩን ጣሪያ ግን አሁንም አልደግፈውም። ለኔ ባይደርስም አልደግፈውም። አዲስ ሕንፃ ለ12 ዓመት ከጣሪያው ነፃ ነው። ትልቁ ኩባንያ አዲሱን ሕንፃ ይዞ እንደልቡ ያስከፍላል። እንደኔ ያለ ትንሽ አከራይ ግን አሮጌ ቤት ገዝቶ ራሱ ሌላ ቦታ ከኖረ ይያዛል።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በዚህ አልስማማም። አዲሱን ሕንፃ ነፃ ያደረጉት ግንባታ እንዳይቆም ነው። ቤት ካልተሠራ ኪራይ የትም አይወርድም። እኔ ኬንት በነበርኩበት አፓርታማ ኪራይ በአንድ ጊዜ ብዙ መቶ ዶላር ተጭኖብን ልጆቼን ከትምህርት ቤታቸው አውጥቼ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ። ትልቁ ልጄ ጓደኞቹን እስከ ዛሬ ያነሳቸዋል። 10 በመቶም ቢሆን ብዙ ነው። ቢያንስ ግን ምን ያህል ሊመጣብኝ እንደሚችል አውቄ እቅድ አወጣለሁ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ደብዳቤው ይቀጥል ባይ ነኝ። በሕዝብ ገንዘብም ይሁን። በምርጫ ገንዘብ ይሁን ካልን ደብዳቤ የሚልከው ሀብታም ደጋፊ ያለው አባል ብቻ ይሆናል። ያኔ የሚጻፈው ደግሞ ለለጋሾቹ ነው።

የዴይኬር ባለቤቷ፦ «የሕፃናት እንክብካቤ ከቅነሳ ተጠብቋል» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ደግሜ ደጋግሜ ነው ያነበብኳት። ቤቴ ውስጥ ዴይኬር፣ የሕፃናት መዋያ፣ አለኝ። ልጆቹ አብዛኞቹ በስቴቱ ድጎማ ነው የሚመጡት። በ2021 የወጣው ሕግ ድጎማው በደረጃ እየሰፋ እንዲሄድ ቃል ገብቶ ነበር። ገቢያቸው ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ እስከ 60 በመቶ የሆነ ቤተሰቦች ገቡ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ እስከ 75 በመቶ ከፍ ይላል ተባለ። በ2027 ደግሞ 85። እናቶች ይህን ቀን ሲጠብቁ ነበር። ትንሽ ደመወዝ ሲጨመርላቸው ድጎማው እንዳይቋረጥባቸው ተጨማሪ ሰዓት የሚተዉ እናቶች አሉ። ሰው ሥራ እያለ ሥራ ይተዋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በዚህ ጉባኤ የሆነው ምንድን ነው? በጀቱ ጎደለ። የማስፋፊያው ቀን ለዓመታት ተገፋ። አዎ፣ ያሉት ቤተሰቦች አልተባረሩም። በዚህ መልኩ «ተጠብቋል» ማለት ውሸት አይደለም። ግን ቀኑን ስትጠብቅ ለነበረች እናት ይህ ምኗም አይደለም። ስልክ ደውላ «እትዬ፣ ደብዳቤው ተጠብቋል ይላል፣ ታዲያ መቼ ላመልክት?» ትለኛለች። መልሱን እንድሰጥ የተውት ለኔ ነው።

እኔ ተወካዩን ክፉ አልላቸውም። በጀት ሲጎድል መምረጥ ግድ ነው። «አሰፋዋለሁ ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ይህ ነው» ቢሉ እኮ እኔ ራሴ ጠበቃቸው ሆኜ ለእናቶቹ አስረዳ ነበር።

የታክስ ሠራተኛው፦ እትዬ ያሉት ነገር ላይ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ በሙያዬ በየዓመቱ የማየው ነው። የዋሽንግተን የሠራተኛ ቤተሰቦች የታክስ ተመላሽ አለ። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ ስቴቱ ገንዘብ ይመልሳል። ሲጀመር ልጆች ላሉት ቤተሰብ እስከ 1,200 ዶላር ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ ሳይኖረው በአይቲን ቁጥር (ለታክስ ብቻ በሚሰጥ መለያ) ታክስ የሚሠራም ያገኛል። ሕጉ መቼ ወጣ? በ2008። ገንዘብ መቼ ተመደበለት? በ2021። ሰው ማመልከት የጀመረው በ2023 ነው። ከሕጉ እስከ ገንዘቡ 15 ዓመት! በ2008 የተወለደ ልጅ ለቤተሰቡ የታሰበው ገንዘብ ሲደርስ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

ስለዚህ «ሕግ አጸደቅን» የሚል መስመር ሳይ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። ገንዘብ ተመድቦለታል ወይ? ከመቼ ጀምሮ ነው? እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ለኔ ወሬ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ገንዘብ በራሱ ቤታችሁ አይመጣም። የፌዴራል ታክስ ከሠራችሁ በኋላ ለስቴቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ለብቻው ማመልከት አለባችሁ። የኛ ሰው በብዛት ይህን አያውቅም። «የፌዴራሉን ሠርቻለሁ፣ አበቃ» ይላል። ደብዳቤው «የታክስ እፎይታ ሰጠን» ከሚል ይህን ቢጽፍ ስንቱ ቤተሰብ በተጠቀመ።

ሹፌሩ፦ በዚህ ላይ የኛን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ከሁሉ የበለጠ ያቆሰለኝ የ2022 ደብዳቤ ነው። የዚያን ዓመት ጉባኤ ያለቀው ማርች 10 ነበር። በአፕ ለምንነዳ ሹፌሮች ሕግ ወጣ፤ ቁጥር 2076። የዚያን ጊዜው አገረ ገዥ ኢንስሊ ማርች 31 ፈረሙት። ደብዳቤው ምን አለ? ከአገሪቱ ስቴቶች ሁሉ ቀድመን ለሹፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ ደነገግን። የሕመም ፈቃድ ሰጠን። ደስ አለን። በኋላ ሕጉን ሳነበው ሌላ ነገር አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ከተሞች በኛ ጉዳይ ላይ የራሳቸውን አዲስ ሕግ ማውጣት አይችሉም። ሥልጣኑን ስቴቱ ጠቅልሎ ወሰደው። ሲያትል ላይ ክፍያ ያስገኘልን የከተማው ምክር ቤት ነበር፤ በ2020 አውጥቶ በ2021 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ። ያ በር ተዘጋ። ሌላም አለ። ኩባንያዎቹ ሕጉ የዘረዘረውን እስካሟሉ ድረስ ሹፌር እንደ ተቀጣሪ አይቆጠርም።

ክፍያውም የሚቆጠረው ተሳፋሪው መኪናው ውስጥ ባለበት ደቂቃና ማይል ነው። ተሳፋሪ ለማንሳት የምሄደው አይቆጠርም። አየር ማረፊያ ወረፋ ላይ የምቀመጠው አይቆጠርም። ይህ ሁሉ ድርድር ነበር። ሰጥቶ መቀበል። እኔ ሰጥቶ መቀበልን አልቃወምም። የተቀበልነውን ብቻ ነግረው የሰጠነውን መደበቃቸውን ነው የምቃወመው። የሰጠነው የኛው ነገር ነበራ!

የድሮው ታክሲ ነጂ፦ ወንድሜ፣ አንተ የምታየው ከሲያትል ነው። ሲያትል ጥሩ ክፍያ ነበረው። ፌዴራል ዌይ፣ ታኮማ፣ ስፖኬን ምን ነበረው? ባዶ። እኔ ታክሲም ነድቻለሁ፤ ታክሲው ሲሞት ወደ አፕ ገብቻለሁ። ከሲያትል ወጥቼ ሳነሳ ኩባንያው የፈለገውን ነበር የሚከፍለኝ። ሕጉ ሲወጣ በመላው ስቴት የክፍያ ወለል፣ ከዚያ በታች የማይከፈልበት መጠን፣ ተቀመጠ። በሲያትል በማይል 1.38 ዶላርና በደቂቃ 59 ሳንቲም፤ በተቀረው ስቴት በማይል 1.17 ዶላርና በደቂቃ 34 ሳንቲም። በየዓመቱም ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል። የሲያትሉ ክፍያ አልተነካም።

ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ገንዘቡ አይደለም። ሥራ ላይ አደጋ ሲደርስብህ የሠራተኛ ካሳ አለህ። ተሳፋሪ ይዘህ በነዳኸው በየ40 ሰዓቱ አንድ ሰዓት የሕመም ፈቃድ ታገኛለህ። አፑ በድንገት ሲዘጋብህ ይግባኝ የምትልበት መንገድ አለ፤ የሚከራከርልህም አለ። ከዚያ በፊት አንድ ተሳፋሪ በውሸት ቢከስህ ማታ ሠርተህ ጠዋት ሥራ የለህም። የመኪናው ዕዳ ግን አለ። ስንቱ ልጅ በዚህ ተሰበረ። የከተሞች ሥልጣን ነው ጉዳዩ ካልከኝ፣ ከ200 የሚበልጡ ከተሞች በየምክር ቤታቸው ደጅ ስንጠና አርጅተን እንሞት ነበር። ሕጉን ሠራተኛ ማኅበሩም ደግፎታል።

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ ኩባንያዎቹም ደግፈውታል። ሁለቱም የደገፉት ሕግ ላይ ሰው ዋጋውን መጠየቅ አለበት። ካሳውንና የሕመም ፈቃዱን አልካድኩም። ወለሉ ነገ ቢያንስ፣ ሲያትል ከፍ ላድርገው ብትል አትችልም። ይህን ማወቅ አልነበረብኝም?

የድሮው ታክሲ ነጂ፦ ማወቅ ነበረብህ። እዚያ ላይ አንድ ነን። ግን «ተሸጥን» አትበል። እዚያ ዝናብ ላይ ቆሜ ፊርማ ያሰባሰብኩ ሰው ነኝ። አልሸጥኩህም።

አወያይ፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በልክ እንሂድ። ሌላ ሐሳብ ያለው?

ነርሷ፦ አንድ ሐሳብ አለኝ። ደብዳቤው በሕዝብ ገንዘብ እስከተላከ ድረስ አባሉ በዓመቱ የሰጡት የመጨረሻ ድምፅ ሁሉ ይካተትበት። አዎ ያሉበት፣ አይ ያሉበት፣ የቀሩበት። በሕግ ግዴታ ይደረግ።

የታክስ ሠራተኛው፦ እህቴ፣ ያ አይሠራም። በአንድ ጉባኤ ብዙ መቶ ድምፅ ይሰጣል። ከነዚህ አብዛኛው ማንም የማይከራከርበት ነው። የዚያን ሁሉ ዝርዝር ብትልኪልኝ የቤንዚኑ ታክስ መሐል ላይ ተቀብሮ ይቀራል። መደበቅ ማለት ዝም ማለት ብቻ አይደለም፤ በወረቀት ክምር መደበቅም አለ። እኔ ብሆን አንድ ነገር ብቻ ግዴታ አደርጋለሁ። ከኪሳችን ገንዘብ የሚወስድ ማናቸውም ሕግ፣ ታክስም ሆነ ክፍያ፣ ስሙ፣ መጠኑና የአባሉ ድምፅ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ጋሼ አከራይ፦ እኔ ከዚህኛው ጋር ነኝ።

የዴይኬር ባለቤቷ፦ እኔ ግን አይበቃኝም። የኔ እናቶች ገንዘብ አልተወሰደባቸውም። የተወሰደባቸው ቀን ነው። በናንተ ሕግ የነሱ ነገር አይጻፍም።

ነርሷ፦ እውነት ነው። የተገባ ቃል ሲገፋም ይጻፍ።

ተማሪዋ፦ ሕጉ እስኪመጣ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ደብዳቤው የማይነግረንን ሁሉ የምናገኝበት ቦታ አለ። በኮሚቴ ለሚታዩ ረቂቅ ሕጎች የምክር ቤቱ ሠራተኞች «ቢል ሪፖርት» የሚባል ወረቀት ያዘጋጃሉ። ሕጉ ምን እንደሚያደርግ በቀላል ቋንቋ ይጽፋሉ። ደጋፊዎች ምን አሉ፣ ተቃዋሚዎች ምን አሉ፣ በኮሚቴው ፊት እነማን ቀረቡ፣ ሁሉም አለ። የከተሞች ሥልጣን መወሰዱም ሆነ የባለቤት ዱፕሌክስ ነፃ መሆኑ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ነው የሚገኘው። ወጪውን የሚያሳይ ወረቀት ለብቻው አለ። ማን አዎ፣ ማን አይ እንዳለ በስም ተዘርዝሯል። የኮሚቴው ስብሰባ ደግሞ ቲቪደብልዩ በሚባለው ጣቢያ ይተላለፋል፤ ቆይቶም ማየት ይቻላል።

ሌላው ትልቁ ነገር ኦሎምፒያ መሄድ አያስፈልግም። ከቤታችሁ ሆናችሁ በቪዲዮ መመስከር ትችላላችሁ። መናገር ለማይፈልግ በረቂቁ ላይ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብሎ ስሙን ማስመዝገብ ይችላል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የቤንዚን ታክሱ በኮሚቴ ሲታይ ከኛ መሐል ስንት ሰው ተመዘገበ? እኔ ራሴ ፈተና ላይ ነበርኩ፤ አልተመዘገብኩም።

ሹፌሩ፦ እህቴ፣ 12 ሰዓት የሚነዳ ሰው ቢል ሪፖርት ያንብብ እያልሽኝ ነው። ሥራቸውን ለኔ አትስጪኝ። ለዚህ ነው የመረጥናቸው።

ተማሪዋ፦ ሁላችንም እናንብብ አላልኩም። አንድ ሰው አንድ ሕግ ያንብብ፤ ለሌላው በአማርኛ ይንገር። ስለ ኪራዩ እኔ አነበብኩ፤ ጋሼ ቤታቸውን ከመሸጥ ተረፉ። አንተ ስለ 2076 አነበብክ፤ እኔ ዛሬ አወቅሁ። ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሕዝብ ሲነሳ ይሰማሉ። በ2018 ምክር ቤቱ የራሱን ሰነዶች ከሕዝብ መረጃ ሕግ የሚያወጣ ረቂቅ አመጣ። በ48 ሰዓት ውስጥ በሁለቱም ምክር ቤቶች አለፈ። ክርክር የለ፣ የሕዝብ ምስክርነት የለ። ጋዜጦች በፊት ገጻቸው ላይ ተቃውሞ ጻፉ። ሕዝቡ ለአገረ ገዥው በሺዎች ጻፈ፣ ደወለ። ማርች 1 ቀን አገረ ገዥ ኢንስሊ ሕጉን በድምፅ መሻር መብታቸው ጣሉት። በ2019 ደግሞ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የእያንዳንዱ አባል ቢሮ በመረጃ ሕጉ እንደሚገዛ ወሰነ። አሁንም «የሕግ አውጪ ልዩ መብት» እያሉ ወረቀት የሚከለክሉ አሉ፤ ነገሩ ገና አላለቀም። ግን ያን ሳምንት የተጻፈው ኢሜይል ባይኖር ኖሮ ሕጉ ዛሬ ሥራ ላይ ነበር።

ጋሼ አከራይ፦ እኔ አንድ የዕድሜ ሰው አስተያየት ልስጥ። አገር ቤት በነበርኩበት ጊዜ ለምክር ቤት የመረጥኩት ሰው ምን ድምፅ እንደሰጠ አላውቅም ነበር። ደብዳቤ ቀርቶ ሰላምታም አልላከልኝም። ሕገ መንግሥቱ ምክር ቤቱን ከሰኔ 30 በኋላ ያሳርፈዋል፤ ይህኛው ቀን እንኳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በዚያ እረፍት ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወርዳሉ ይባል ነበር፤ እኛ ሰፈር የመጣ አላየሁም። ስለዚህ አንድ ሰው ጽፎ ሲልክልኝ መጀመሪያ ደስ ይለኛል። ደብዳቤው ይቁም የሚለውን አልቀበልም። ጎደሎውን ሞልቶ እንዲልክ እንጠይቀው።

ሹፌሩ፦ ጋሼ፣ እኔም ከዚያው አገር ነው የመጣሁት። ለዚህ ነው ግማሽ እውነት ሲነገረኝ ቶሎ የሚገባኝ። እዚያ ራዲዮው የተሠራውን ድልድይ ይነግረናል፤ የፈረሰውን ቤት አይነግረንም ነበር። እሺ፣ ይቁም የሚለውን ልተው። ግን መልስ እንጻፍላቸው። ዛሬውኑ።

አወያይ፦ ጥሩ። በደብዳቤያቸው ግርጌ የቢሮ ኢሜይል አለ። ምን ይጻፍ?

የታክስ ሠራተኛው፦ የቤንዚን ታክሱ ላይ የሰጡት ድምፅ ይጠየቅ። ስድስቱ ሳንቲምና የየዓመቱ 2 በመቶ ለምን በደብዳቤው እንዳልተጻፈም ይጠየቅ።

የዴይኬር ባለቤቷ፦ የድጎማው ማስፋፊያ ቀን መቼ እንደሆነ በግልጽ ይጻፉልን። ለእናቶቹ የማሳየው ወረቀት እፈልጋለሁ። ከተቻለ በአማርኛ።

ጋሼ አከራይ፦ የንብረት ግብሩ ሐሳብ ተመልሶ ቢመጣ አቋማቸው ምንድን ነው? ባለቤቱ ስለሚኖርበት ትንሽ ቤትም በሚቀጥለው ደብዳቤ ይጻፉ። እንደኔ የሚናደድ ሌላ ሽማግሌ ይኖራል።

ሹፌሩ፦ የ2022ቱም ይግባ። የከተሞችን ሥልጣን ስትወስዱ ለምን አልነገራችሁንም? በሩ ለከተሞች እንደገና ይከፈት። ይህ ከሌለ እኔ አልፈርምም።

የድሮው ታክሲ ነጂ፦ «ለምን አልነገራችሁንም» የሚለውን እፈርማለሁ። «በሩ ይከፈት» የሚለውን አልፈርምም። በሩ ሲከፈት ኩባንያዎቹም በዚያው በር ይገባሉ። በየከተማው እየሄዱ ወለሉን ለማውረድ ይሞክራሉ። የሕመም ፈቃዴን ለዚያ አላስይዝም።

ነርሷ፦ ታዲያ ሁለቱን ለዩአቸው። ጥያቄው በጋራ ደብዳቤ ይሂድ። በሩ ይከፈት የሚለው ለብቻው፣ በሹፌሮች ስም።

የድሮው ታክሲ ነጂ፦ «በሹፌሮች ስም» አይባልም። እኔም ሹፌር ነኝ። በፈረሙት ስም ይሁን።

ሹፌሩ፦ ይሁን። በፈረሙት ስም።

አወያይ፦ እንግዲያው ሁለት ደብዳቤ ነው። የጋራውን ተማሪዋ ትጽፋለች፤ ነገ ማታ እዚህ ይለጠፋል። ሁለተኛውን ሹፌሩ ራሱ ይጽፋል። ጋሼ ታክሲ ነጂ ከተቃወሙት የሚቃወሙበትን ምክንያት በሁለት መስመር ይጻፉና ከሥሩ ይያያዝ። ቢሮው ሁለቱንም አንብቦ ይመልስልን።